ቫይረስ ነው ወይስ መብራት?



በዚህ ዓምድ ከዚህ ቀደም ስለ ጥናት ጊዜና ስለ ደመወዝ አያያዝ ተጨዋውተናል። ዛሬ ደግሞ በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፥ ጤነኛ ሲሆን ስለማናስበው፥ ሲታመም ግን እንቅልፍ ስለሚነሣን ዕቃ፥ ይኸውም ስለ ኮምፒዩተር እንድንነጋገር አስቤአለሁ።

እኔ በምኖርበት በአሰላ ከተማ አንድ ሰው ኮምፒዩተሩ እምቢ ያለው እንደ ሆነ ምክንያቱን ለመስጠት ጊዜ አይፈጅበትም። «ቫይረስ ገብቶበት ነው» ይላል። ቢዘገይ ቫይረስ፥ ቢግል ቫይረስ፥ ጭራሽ ቢጠፋም ቫይረስ ነው። የባላገር ሰው ትኩሳትን ሁሉ «ምች ነው» ብሎ ዳማከሴ እንደሚጨምቅ፥ የከተማችንም ሰው ለኮምፒዩተር ሕመም ሁሉ አንድ ስም አውጥቶ አንድ መድኃኒት አዘጋጅቶለታል፤ መድኃኒቱም «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ነው። እኔም ራሴ ከዚህ ወገን ነበርሁ። አሳቤን ያስለወጠኝን ነገር ብነግራችሁ ምናልባት ከእኔ ስሕተት ትማሩበት ይሆናል።

ነገሩ የሆነው በሐምሌ ወር ነው። የአርሲ ደጋ ክረምት እንዴት እንደ ሆነ የኖረበት ያውቀዋል፤ ከሰዓት በኋላ የጭላሎ ተራራ ደመናውን እንደ ጋቢ ይከናነባል፥ ማታ ነጐድጓዱ ይጀምራል። በዚያ ምሽት የአራት ክፍል ተማሪዎቼን የዓመት ውጤት በኮምፒዩተሩ አስገብቼ መጨረሴ ነበር። የሠራሁበትንም ረቂቅ ወረቀት «ከእንግዲህ ምን ያደርግልኛል» ብዬ ቀዳድጄ ጥዬዋለሁ። ወዲያው መብራቱ ሄደ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመለስ አምፖሉ ከወትሮው ይልቅ ደምቆ በራ፤ ኮምፒዩተሩም «ጧ» የሚል ድምፅ አሰምቶ ዝም አለ። ብጫነው፥ ገመዱን ነቅዬ ብሰካው፥ መልስ የለም።

በማግሥቱ ጠዋት አንዲት ተማሪዬ ከአባቷ ጋር ወደ ቤቴ መጣች። አባቷ በሥራ ምክንያት ወደ ሌላ ከተማ ተዛውረው፥ በሦስት ቀን ውስጥ ጓዛቸውን ጭነው ሊሄዱ ነው። ልጂቱ በአዲሱ ትምህርት ቤት እንድትመዘገብ የዓመቱ ውጤቷ ተሞልቶ መሸኛ ሊሰጣት ይገባል። እኔ ውጤቱን ካላቀረብሁ ደግሞ መሸኛው አይጻፍም። አባቷን «ነገ ይደርሳል» አልኋቸው፤ ነገር ግን ይህን ስናገር ልቤ አብሮኝ አልነበረም።

ኮምፒዩተሩን ተሸክሜ ወደ አንድ ጥገና ቤት ሄድሁ። ባለሙያው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ቫይረስ ቦርዱን አቃጥሎታል፤ አዲስ ቦርድ ይገዛ፥ ዲስኩም ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ ከወር ደመወዜ የሚተርፈኝ የዳቦ መግዣ ብቻ እንደ ሆነ አሰላሁ። እውነቱን ለመናገር «እሺ» ለማለት ጥቂት ነበር የቀረኝ። ያዳነኝ ዕውቀት ሳይሆን የገንዘብ ማጣት ነው፤ «አስቤበት እመለሳለሁ» ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ማታ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ፥ አሁን በሙያ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ የሚማር ልጅ፥ ሊጠይቀኝ መጣ። ነገሩን ስነግረው ሣቀና ወደ ሣጥኑ ጀርባ ጠጋ ብሎ አሸተተ። «ቲቸር፥ ቫይረስ እኮ የሚሸት ነገር የለውም። ይህ የተቃጠለ ሽታ ነው። ሰውየው ሞቶ አይደለም፥ ምግብ የሚያቀብለው ነው የሞተው» አለኝ። ምግብ አቀባይ ያለው ከግድግዳው የሚመጣውን 220 ቮልት ተቀብሎ ወደ አነስተኛ ኃይል የሚለውጠውን፥ ፓወር ሳፕላይ የሚባለውን ክፍል ነው። ከጓደኛው አንድ ያገለገለ ፓወር ሳፕላይ ተውሶ ቢያስገባለት ኮምፒዩተሩ እንደ ጥንቱ ተነሣ። ውጤቱም አንድ ሳይጎድል በዲስኩ ላይ ተገኘ።

ደስታዬ ግን ረዥም ዕድሜ አላገኘም። ውጤቱን በፍላሽ ገልብጬ ወደ ትምህርት ቤት ብወስደው፥ ፍላሹ ሲከፈት ፋይሎቼ የሉም፤ በምትካቸው ቀስት ያለባቸው ትንንሽ «ሾርትከቶች» ብቻ ተደርድረዋል። አሁንስ በርግጥ ቫይረስ ነበር! ከሳምንታት በፊት ፈተና ላሳትም ፍላሼን በአንድ ጽሕፈት ቤት ሰክቼ የመጣሁ ጊዜ ተሸክሜው የገባሁ ይመስለኛል። ስለዚህ በአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ሕመም ነበረበት፤ ያጠፋው ግን ቫይረሱ አልነበረም። በጥገና ቤቱ «እሺ» ብዬ ፎርማት አስደርጌ ቢሆን ኖሮ፥ መብረቁም ቫይረሱም ያላጠፉትን ውጤት እኔው በገዛ እጄ አስጠፋው ነበር።

ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ሕመሙን ሳትለዩ መድኃኒት አታድርጉ።

እንግዲህ ቫይረስ ምንድር ነው? ቫይረስ ጀርም አይደለም፥ በነፋስም አይመጣም። ሰው የጻፈው፥ ራሱን በራሱ እያባዛ ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር እንዲተላለፍ የተሠራ ፕሮግራም ነው። ለአይ.ቢ.ኤም. ዓይነት የግል ኮምፒዩተሮች የመጀመሪያው እንደ ሆነ የሚነገርለት «ብሬይን» የተባለው ሲሆን፥ በ1978 ዓ.ም. (1986 እ.ኤ.አ.) በፓኪስታን በላሆር ከተማ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ያወጡት ነው። የሚገርመው ነገር ወንድማማቾቹ ስማቸውን፥ አድራሻቸውንና የስልክ ቁጥራቸውን በቫይረሱ ውስጥ ጽፈውት ነበር። በዚያ ዘመን መጓጓዣው ፍሎፒ ዲስክ ነበረ። ዛሬ በእኛ አገር የፍሎፒውን ቦታ ፍላሽ ወርሶታል። የአንድ ጽሕፈት ቤት ኮምፒዩተር በቀን የስንቱን ሰው ፍላሽ እንደሚያስተናግድ አስቡት። የጋራ ዋንጫ ማለት ነው፤ አንዱ ታሞ ከጠጣበት ሁሉም ይጋራዋል።

ቫይረስ ዕቃውን ራሱን መስበር ይችላል ወይ? ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ይችላል፥ ነገር ግን እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው» የሚል ነው። በ1990 ዓ.ም. ቼን ኢንግሃው የተባለ የታይዋን ተማሪ የጻፈው «ሲ.አይ.ኤች.» የተባለው ቫይረስ ኮምፒዩተር ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነበውን፥ ባዮስ የሚባለውን ጽሑፍ ከቦርዱ ላይ ይሰርዝ ነበር። ሚያዝያ 18 ቀን 1991 ዓ.ም. በብዙ አገር የነበሩ ኮምፒዩተሮች ጠዋት ሲከፈቱ እምቢ አሉ። ቀኑ የቼርኖቢል የአቶም ጣቢያ አደጋ የደረሰበት መታሰቢያ ዕለት ስለ ነበረ ሰዎች ቫይረሱን «ቼርኖቢል» አሉት። ይሁን እንጂ ያ ቫይረስ የሚሠራው በዊንዶውስ 95 እና 98 ላይ ስለ ነበረ፥ ለዛሬዎቹ ኮምፒዩተሮች የሚያሠጋ አይደለም። እንደዚሁም በ2002 ዓ.ም. የታወቀው «ስታክስኔት» በኢራን በናታንዝ የነበሩትን የዩራኒየም ማጣሪያ መኪናዎች ከልክ በላይ እያሽከረከረ ሰብሯል። እርሱ ግን ለዚያ ቦታ ታስቦ የተዘጋጀ መሣሪያ ነበር። የእኔንና የእናንተን ላፕቶፕ ለማቃጠል እንዲህ ያለ ድካም የሚደክም ሰው የለም። በቤታችን ዕቃ የሚያቃጥለው መብራቱ፥ ሙቀቱ፥ አቧራውና እርጥበቱ ነው።

ታዲያ ሕመሙ እንዴት ይለያል? እኔ ከዚያ ወዲህ የምከተለውን ሥርዓት ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ኮምፒዩተሩ ሲጫኑት ጭራሽ የማይነሣ፥ ማራገቢያው የማይዞር፥ መብራቱም የማይበራ እንደ ሆነ ነገሩ የኤሌክትሪክ ነው። ሶኬቱን በሌላ ዕቃ ፈትኑት፤ ገመዱን ለውጡ፤ ላፕቶፕ ከሆነ በሌላ ተስማሚ ቻርጀር ሞክሩ። የተቃጠለ ሽታ ካለ ግን ወዲያው ነቅላችሁ ለባለሙያ ስጡ። ፓወር ሳፕላዩን ራሳችሁ እንዳትፈቱ አደራ፤ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ የሚጎዳ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቈያልና።

ሁለተኛ፥ እየተነሣ ጢጥ ጢጥ የሚልና ምስል የማያሳይ እንደ ሆነ ብዙውን ጊዜ ራም የሚባለው ክፍል ከቦታው ተንቀሳቅሶ ወይም ጥርሱ ቆሽሾ ነው። ባለሙያዎች አውጥተው በላጲስ ጠረግ አድርገው ሲመልሱት የሚድንበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህን ለመሰለው ሕመም ፎርማት ማድረግ ጥርሱን ለታመመ ሰው ራሱን እንደ መላጨት ነው።

ሦስተኛ፥ ከዲስኩ በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተሰማ፥ ወይም አንድ ፋይል ለመክፈት ብዙ ደቂቃ ከወሰደ፥ ዲስኩ እያረጀ ወይም እየሞተ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሁሉ የከፋው ምልክት ነው። ቫይረስ ልፈልግ ብላችሁ ሲፈተሽ እንዲያድር አታድርጉት፤ የሚያቃስትን በሽተኛ ማስሮጥ ይሆናል። ፋታ ሳትሰጡ አስፈላጊውን ጽሑፍ ገልብጡ። ጽሑፉ እጅግ የከበረ ከሆነና ድምፁም ከበረታ ደግሞ አጥፍታችሁ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ።

አራተኛ፥ ኮምፒዩተሩ በደኅና ይነሣል፥ ነገር ግን ያልጠራችሁት መስኮት ይከፈታል፥ ፋይሎች ወደ ሾርትከት ይለወጣሉ፥ የቫይረስ መከላከያው በራሱ ይዘጋል፥ ከእናንተ ስም ለወዳጆቻችሁ ያልጻፋችሁት መልእክት ይላካል እንበል። አሁን ቫይረስ ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ጥርጣሬ የገባችሁ እንደ ሆነ አንድ ጥሩ መፈተኛ አለ። ኡቡንቱን የመሰለ በነጻ የሚገኝ የሊኑክስ ሥርዓት በፍላሽ ላይ ጭናችሁ፥ ኮምፒዩተሩን ከዚያ ፍላሽ አስነሡት። በዚህ ጊዜ በዲስኩ ላይ ያለው ዊንዶውስ፥ ከነቫይረሱ፥ ተኝቷል ማለት ነው። ሕመሙ ከጠፋ ነገሩ ብዙውን ጊዜ የዊንዶውሱ ነው፤ እንዲሁ ከቀጠለ ግን ዕቃውን መርምሩ። ዊንዶውሱ የማይነሣ በሆነ ጊዜም ጽሑፋችሁን በዚሁ መንገድ ልታወጡት ትችላላችሁ።

ቫይረስ መሆኑ የታወቀ እንደ ሆነ ሕክምናው ይህን ይመስላል። በመጀመሪያ ከኢንተርኔት አላቅቁት። ከዚያም የጻፋችሁትን ጽሑፍና ፎቶግራፍ ብቻ ገልብጡ እንጂ ፕሮግራሞችን አትገልብጡ፤ ቫይረሱ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጠው በእነርሱ ነውና። በዊንዶውስ 10ና 11 ውስጥ ዲፌንደር የሚባል መከላከያ ያለ ዋጋ አብሮ ይመጣል። ከምርጫዎቹ ውስጥ «ኦፍላይን ስካን» የተባለው ዊንዶውስ ሳይነሣ በፊት ዲስኩን ስለሚፈትሽ፥ የተሸሸገውን ለማውጣት የተሻለ ነው። ሁለት መከላከያ በአንድ ጊዜ አትጫኑ፤ ሁለት ዘበኞች በአንድ በር ቢቆሙ እርስ በርሳቸው ሲጠራጠሩ ሌባው ያልፋል። ኮምፒዩተሩ ከነጻ በኋላ፥ ወይም ከሌላ ንጹሕ ኮምፒዩተር ላይ፥ የይለፍ ቃሎቻችሁን ለውጡ። ይህ ሁሉ ካልረዳ ያን ጊዜ ፎርማት ይደረግ፤ እርሱም ጽሑፉ ከተገለበጠ በኋላ ነው።

የፍላሹን ነገር ደግሞ ልጨርስላችሁ። እኔ ውጤቱ የጠፋ መስሎኝ ላብ ሲያጠምቀኝ፥ ያ ተማሪዬ ፋይሎቹ እንዳልጠፉ፥ ተሸሽገው ብቻ እንደ ሆነ አስረዳኝ። ንጹሕ በሆነ ኮምፒዩተር ላይ ሰክቶ፥ ሾርትከቱን ሳይነካ፥ በፋይል መመልከቻው ምርጫዎች የተሸሸጉትንና የሥርዓቱን ፋይሎች እንዲያሳይ አዘዘው። ሁሉም ብቅ ብቅ አሉ። ይህ ዓይነቱ ቫይረስ የሚፈልገው እናንተ ደንግጣችሁ ሾርትከቱን እንድትጫኑት ነው፤ በተጫናችሁት ጊዜ በር ከፋቹ እናንተው ትሆናላችሁ። ስለዚህ ለኅትመት የምትወስዱት ፍላሽ ሌላ ነገር የሌለበት ይሁን፤ ስትመለሱም ሳትከፍቱ አስፈትሹት። ቢቻል ጽሑፉን በቴሌግራም ወይም በኢሜይል ብትልኩላቸው ፍላሽ መስካትም አያስፈልግ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠቅስ አላልፍም። ብዙዎቻችን ዊንዶውሱንም መከላከያውንም «ክራክ» የተደረገውን እንጭናለን። የቤቱን ቁልፍ ከሌባ የገዛ ሰው ሲዘረፍ ለማን ይጮሃል? ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 በነጻ ለሁሉ ይሰጥ የነበረውን መደበኛ እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ኮምፒዩተራችሁ አሮጌ ሆኖ ዊንዶውስ 11ን የማይሸከም እንደ ሆነ፥ ከተሰረቀ ነገር ይልቅ ያለ ዋጋ የሚገኘውን ሊኑክስ ብትመለከቱት ለኪስም ለኅሊናም ይሻላል። ቫይረስ ሆን ብሎ የሚያሠራጭም ሰው ቢሆን በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንደሚቀጣ ማወቅ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዋናው ገዳይ፥ ወደ መብራቱ እንመለስ። ነጐድጓድ ሲጀምር ኮምፒዩተሩን አጥፍታችሁ ከሶኬቱ ንቀሉት፤ የኢንተርኔት ገመድም ካለ እርሱንም ንቀሉ፤ መብረቅ በሁለቱም መንገድ ይመጣልና። መብራት ሄዶ ሲመለስ ወዲያው አትክፈቱ፤ ጥቂት ደቂቃ ታገሡና መርጋቱን እዩ። በገበያ የሚሸጠው ተራ ዲቫይደር ሶኬት ያበዛላችኋል እንጂ ከአደጋ አያድንም። ስታብላይዘር ከፍና ዝቅ የሚለውን ኃይል ያስተካክላል፤ ዩፒኤስ ደግሞ ባትሪ ስላለው መብራት ሲሄድ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ በሥርዓት የምታጠፉበትን ጥቂት ደቂቃ ይሰጣችኋል። የሌዘር ማተሚያን በዩፒኤስ ላይ አትስኩ፤ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ይጎዳዋል። ለሁለቱም ገንዘብ ያልደረሰው ሰው ግን አይዘን፤ የመንቀል ልማድ ያለ ዋጋ የሚገኝ መከላከያ ነው።

ሙቀትና እርጥበትም አይናቁ። አሰላ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ስለ ሆነች «እዚህ ኮምፒዩተር አይግልም» የሚል አለ። ስሕተት ነው። ላፕቶፕን በአልጋ ብርድ ልብስ ላይ ብታስቀምጡት የአየር መግቢያው ይታፈናል። በበጋ ከመንገድና ከአውድማ የሚነሣው አቧራም በማራገቢያው ላይ ተጠቅጥቆ ያግለዋል፤ የጋለ ኮምፒዩተር ደግሞ ራሱን ለማዳን ይዘገያል ወይም ይጠፋል፤ እኛም «ቫይረስ» እንላለን። በክረምት ጠዋት ደግሞ ከብርድ ያስገባችሁትን ኮምፒዩተር ከሰል በሚሞቅበት ክፍል ወዲያው አትክፈቱት፤ የመነጽር መስተዋት እንደሚያላብ ውስጡ ያላባልና። አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ።

በመጨረሻም ከሁሉ የሚበልጠውን ልናገር። ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. «ዋናክራይ» የተባለው ፕሮግራም በብዙ አገሮች የነበሩ ኮምፒዩተሮችን ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ካልከፈላችሁ አልፈታም አለ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች እንኳ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። እንዲህ ላለው ነገር የታመነው መፍትሔ አስቀድሞ የተቀመጠ ግልባጭ ነው፤ ለመብረቅም፥ ለሌባም፥ ለሚሞት ዲስክም መድኃኒቱ ያው ነው። የአርሲ ገበሬ የዘር ስንዴውን ከሚበላው ለይቶ ያስቀምጣል፤ ዓመቱ ቢከፋና ጎተራው ቢራቆት ዘሩን አይነካም። እናንተም እንዲሁ አድርጉ። የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጽፉ ተማሪዎች፥ የቢሮ መዝገብ ወደ ቤት ወስዳችሁ የምታመሹ ሠራተኞች፥ አንዱን ግልባጭ በኮምፒዩተሩ፥ ሁለተኛውን ከሥራው በኋላ ተነቅሎ በሚቀመጥ ዲስክ፥ ሦስተኛውን ከቤት ውጭ፥ በኢሜይላችሁም ቢሆን፥ አኑሩት። የመሥሪያ ቤት ምስጢር የሆነውን ግን አለቃችሁን ሳታስፈቅዱ ከቢሮ አታውጡ።

ተማሪዬ በሦስተኛው ቀን መሸኛዋን ይዛ ሄደች። አባቷ «ነገ ብለውን በሦስተኛው ቀን ሆነ፤ ቢሆንም እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉኝ። ተግሣጽም ምስጋናም ነበረበት፤ ሁለቱም ይገባኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውጤት አስገብቼ ሳልገለብጥ አልተኛም፤ ከጭላሎ በኩል ሲያጉረመርምም እጄ ወደ ሶኬቱ ይሄዳል። ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ ይሻላልና፥ እናንተም ይህን ጽሑፍ ስትጨርሱ ተነሥታችሁ አንድ ግልባጭ አስቀምጡ።

ለዛሬው ይህን ያህል ካልሁ ይበቃል። ደኅና ሰንብቱ።